አራት ዜማ በአንድ ጊዜ፦ ስለ ህዳሴ ዘመን ሙዚቃና ስለ ሙዚቃ መሠረታውያን

የተከበራችሁ አድማጮች፤

ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ሁለት ነገሮችን ያጣመረ ነው። አንደኛው ከ1400 እስከ 1600 ገደማ በአውሮፓ ያበበው፣ የህዳሴ ዘመን ሙዚቃ ተብሎ የሚጠራው ጥበብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሙዚቃ ሁሉ የሚቆምባቸው መሠረታውያን፣ ማለትም የድምፅ ከፍታና ዝቅታ፣ ምት፣ ዜማ፣ የድምፆች ስምምነት፣ የድምፅ ቀለምና ቅርጽ ናቸው። ሁለቱን ለየብቻ ማስረዳት ይቻላል፤ እኔ ግን መሠረታውያኑን በአንድ ጥያቄ በኩል ማሳየትን መርጫለሁ። ጥያቄው ይህ ነው፦ አራት ሰዎች አራት የተለያዩ ዜማዎችን በአንድ ጊዜ ቢያዜሙ ሳይጋጩ እስከ ፍጻሜው የሚዘልቁት እንዴት ነው? የህዳሴ ዘመን ደራሲዎች ለሁለት መቶ ዓመታት የደከሙት ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው ብዬ አምናለሁ፤ እያንዳንዱም የሙዚቃ መሠረት የመልሱ አንድ ክፍል ሆኖ ይገኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

በቤተ ክርስቲያናችን ማኅሌት ላይ መቶ ሊቃውንት ቢቆሙ የሚያዜሙት አንድ ዜማ ነው፤ አዝማሪም በማሲንቆው የሚከተለው ራሱ የሚዘፍነውን ዜማ ነው። በዚህ ላደገ ጆሮ የህዳሴ ዘመን ዝማሬ መጀመሪያ ሲሰማ ግር ይላል፤ የትኛውን ድምፅ ልከተል ያሰኛል። በዚህ ማንም ሊያፍር አይገባም። አውሮፓውያንም ቢሆኑ በአንድ ዜማ ላይ ሁለተኛ ድምፅ ስለመጨመር መጻፍ ከጀመሩበት ከ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንሥቶ እዚህ ጥበብ ላይ እስኪደርሱ ድረስ አምስት መቶ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

ታሪኩን ከአንድ ቀን እንጀምር። መጋቢት 25 ቀን 1436 በፍሎረንስ ከተማ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኤውጀኒዮስ 4ኛ የከተማዋን ካቴድራል ባረኩ። ፊሊፖ ብሩኔለስኪ የሠራው ግዙፍ ጉልላት በዚያን ጊዜ ሊጠናቀቅ ተቃርቦ ነበር። ለበዓሉ አዲስ ዝማሬ የደረሰው በጳጳሱ የመዘምራን ጓድ ውስጥ ያገለግል የነበረው ጊዮም ዱ ፋይ ነው። ዝማሬው አራት ድምፅ አለው። ሁለቱ የላይኛ ድምፆች ለዕለቱ የተጻፈውን የላቲን ግጥም በፈጣን ዜማ ሲያዜሙ፣ ሁለቱ የታችኛ ድምፆች ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ቡራኬ የሚዜመውን ጥንታዊ ዜማ፣ ያዕቆብ በቤቴል ይህ ስፍራ እንዴት ያስፈራል ያለበትን ቃል፣ እጅግ ረዘም ባሉ ድምፆች ይይዛሉ። ይህ የታችኛ ክፍል አራት ጊዜ ሲደጋገም ርዝመቱ በ6፣ በ4፣ በ2 እና በ3 ልክ ይለዋወጣል። ተመራማሪዎች ይህን ልክ አንዳንዶቹ ከራሱ ከካቴድራሉ ሕንጻ፣ ሌሎቹ ደግሞ በመጽሐፍ ቅዱስ ከተገለጸው ከሰሎሞን ቤተ መቅደስ መጠን ጋር ያያይዙታል፤ ለእኔ ሁለተኛው አሳማኝ ነው፤ ምክንያቱም የቤተ መቅደሱ ርዝመት 60፣ ወርዱ 20፣ ቁመቱ 30 ክንድ መሆኑ፣ ቅድስቱም 40 ክንድ መሆኗ በመጽሐፈ ነገሥት በግልጽ ተጽፏል። የሆነው ሆኖ ሙዚቃ በዚያ ዘመን በቁጥር የሚታነጽ ሕንጻ ተደርጎ ይታይ እንደነበር ከዚህ እንረዳለን። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1441፣ ከኢየሩሳሌም የኢትዮጵያውያን ማኅበር የተላኩ መነኮሳት በቤተ ክርስቲያን አንድነት ጉባኤ ለመገኘት ወደዚህችው ፍሎረንስ ገብተዋል፤ ስለዚህ ያ ጉልላት ለእኛም ታሪክ ፍጹም ባዕድ አይደለም።

አሁን ወደ መጀመሪያው መሠረት፣ ወደ ድምፅ ከፍታ እንሂድ። ድምፅ የሚፈጠረው አንድ ነገር ሲርገበገብ ነው፤ በፍጥነት የሚርገበገብ ከፍ ያለ፣ በዝግታ የሚርገበገብ ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ማሲንቆ ባለ አንድ አውታር ስለሆነ ይህን ለማስረዳት ከእርሱ የተሻለ መሣሪያ አይገኝም። ተጫዋቹ ጣቱን በአውታሩ እኩሌታ ላይ ቢያሳርፍ የሚሰማው ድምፅ ከክፍቱ አውታር በእጥፍ ፍጥነት የሚርገበገብ ነው፤ ከፍ ይላል እንጂ ያው ድምፅ እንደሆነ ጆሯችን ወዲያው ያውቀዋል። ይህን ርቀት ኦክታቭ ይሉታል። ወንዶችና ሴቶች አንድ ዜማ አብረው ሲያዜሙ ብዙውን ጊዜ በመካከላቸው ያለው ርቀት ይኸው ነው። ጣቱ የአውታሩ ሁለት ሦስተኛ እንዲርገበገብ አድርጎ ቢያርፍ ደግሞ አምስተኛ የሚባለው ርቀት ይገኛል፤ ልኩ 3 ለ 2 ነው። ሦስት አራተኛው ሲርገበገብ አራተኛ ይሆናል፤ ልኩም 4 ለ 3 ነው። የጥንት ግሪኮች እነዚህን ሦስት ርቀቶች ስምሙ ብለው ተቀበሉ፤ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓም ይህንኑ ወረሰ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ስምምነቱ ይጠራል የሚል እምነት ነበር፤ ጆሮም ይህን እምነት በአብዛኛው ይደግፈዋል።

የህዳሴው ለውጥ የተወለደው እዚህ ላይ፣ ሦስተኛ ከምትባለው ርቀት ነው። ዶ ብለን ሬን ዘለን ሚ ስንል የምናገኛት ናት። በጥንቱ ስሌት ሦስተኛ የምትገኘው አራት አምስተኛዎችን ተራ በተራ ወደ ላይ ከደረደሩ በኋላ ሁለት ኦክታቭ በመውረድ ነበር፤ በዚህ መንገድ የሚወጣው ልክ 81 ለ 64 ነው። ይህ የተወሳሰበ ቁጥር ሲሆን ድምፁም ሻከር ይላል። ስለዚህ የመካከለኛው ዘመን ደራሲዎች ሦስተኛን እንደ መንገደኛ ያሳልፏት እንጂ በማረፊያ ላይ አያስቀምጧትም ነበር። መዘምራን ግን በተፈጥሮ ጆሯቸው ሲመሩ ሦስተኛዋን ጥቂት ዝቅ አድርገው 5 ለ 4 ላይ ያሳርፏታል። 5 ለ 4 ማለት 80 ለ 64 ማለት ነው። በ81 እና በ80 መካከል ያለችው ይህች ጠባብ ልዩነት ሻካራውን ድምፅ ወደ ጣፋጭነት ትለውጠዋለች። እኔ በሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ከዚህች የአንድ ቁጥር ልዩነት የበለጠ የሚያስደንቀኝ ነገር ጥቂት ነው።

ሦስተኛን ያለ ፍርሃት ማዜም የጀመሩት እንግሊዞች ናቸው። በ1440 ገደማ ማርቲን ለ ፍራንክ የተባለ ፈረንሳይኛ ገጣሚ፣ ዱ ፋይና ጓደኞቹ የእንግሊዞችን ለዛ ይዘው የእንግሊዛዊውን ደራሲ የጆን ደንስተብልን ፈለግ እንደተከተሉ፣ ዝማሬአቸውም በዚህ ምክንያት ደስ የሚያሰኝ እንደሆነ በግጥሙ መስክሯል። በ1477 ደግሞ በኔፕልስ ቤተ መንግሥት ያገለግል የነበረው ሊቅ ዮሐንስ ቲንክቶሪስ ባለፉት አርባ ዓመታት ካልተደረሰ በቀር የተማሩ ሰዎች ሊሰሙት የሚገባ ሙዚቃ የለም እስከማለት ደረሰ። የቀደሙትን ሊቃውንት በአንድ ቃል መሰረዙ ትልቅ ግፍ ይመስለኛል፤ ነገር ግን በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ራሳቸው አዲስ ነገር እንደተወለደ ይሰማቸው እንደነበር ያሳያል። የቁጥሩን ትምህርት ከጆሮው ጋር ያስታረቀው በ1558 በቬኒስ ታላቅ መጽሐፉን ያሳተመው ጆዜፎ ዛርሊኖ ነው። እርሱ ስምሙ ድምፆችን እስከ አራት ከሚደርሱ ቁጥሮች አውጥቶ እስከ ስድስት ወዳሉት ቁጥሮች አሰፋቸው፤ ሦስተኛም በክብር ገባች። ዛሬ በጊታርና በኪቦርድ የምንሰማው ኮርድ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ፣ በአብዛኛው ሦስተኛን አጥንቱ አድርጎ የቆመ ነው።

ድምፆቹ አራት ሲሆኑ ስማቸው ከየት መጣ? ጥንታዊውን ዜማ በረጃጅም ድምፆች የሚይዘው ቴነር ተባለ፤ ቃሉ በላቲን መያዝ ማለት ነው። ከእርሱ ትይዩ የሚሄደው ድምፅ ኮንትራቴነር፣ ማለትም የቴነር አንጻር ተባለ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ይህ ድምፅ ለሁለት ተከፈለና አንደኛው ከቴነር በላይ፣ ሁለተኛው ከቴነር በታች ሆነ። ከፍ ያለው አልቶ፣ ዝቅ ያለው ቤዝ ሆኑ። አልቶ ማለት ከፍ ያለ ማለት ሆኖ ሳለ ዛሬ ዝቅ ላለ የሴት ድምፅ መጠሪያ የሆነው በዚህ ታሪክ ምክንያት ነው። ከሁሉም በላይ ያለው ድምፅ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የሕፃናት ድርሻ ነበር፤ በካቴድራሎች ሥር የነበሩት የዜማ ትምህርት ቤቶች ወንዶች ልጆችን ተቀብለው ያሳድጉ ነበር፤ ዱ ፋይ ራሱ በካምብሬ ካቴድራል እንዲህ ያደገ ልጅ ነው። የቤዝ መጨመር ትልቅ ለውጥ ነበር፤ ሕንጻው ከሥሩ መሠረት አገኘ።

ሁለተኛው መሠረት ምት ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲያዜም ጊዜውን እንደወደደ ሊያስረዝምና ሊያሳጥር ይችላል፤ አራት ሰዎች ግን በአንድ ቅጽበት አንድ ቦታ ላይ ካልተገናኙ ስምምነት የሚባል ነገር አይኖርም። ስለዚህ ጊዜ መለካት ነበረበት። በዘመኑ የኖታ አጻጻፍ አንድ ረጅም ድምፅ ወደ ሦስት ወይም ወደ ሁለት ይከፈላል። ሦስት፣ በሥላሴ ምሳሌነት፣ ፍጹም ቁጥር ስለሆነ ምልክቱ ሙሉ ክብ ነበር፤ ሁለት ፍጹም ያልሆነ ስለተባለ ምልክቱ ግማሽ ክብ ሆነ። ዛሬ በኖታ ወረቀት መጀመሪያ ላይ ለባለ አራት ምት የሚጻፈው፣ የላቲን ሲ ፊደል የሚመስለው ምልክት የዚያ ግማሽ ክብ ቅሪት ነው፤ ብዙ የሙዚቃ ተማሪዎች ፊደል እየመሰላቸው ይጽፉታል። የፍጥነቱስ መለኪያ ምን ነበር? ፍራንኪኖ ጋፉሪዮ የተባለ የሙዚቃ ሊቅ በ1496 በሚላኖ ባሳተመው መጽሐፍ አንዱ ምት በእርጋታ ከሚተነፍስ ሰው የልብ ትርታ ጋር እኩል ነው ይላል። የሰው አካል ራሱ ሰዓት ነበር ማለት ነው።

መዘምራኑ ያነብቡት የነበረውን መጽሐፍም ልብ በሉልኝ። አንድ ትልቅ መጽሐፍ በአትሮንስ ላይ ተዘርግቶ ሁሉም ዙሪያውን ይቆማሉ። በግራው ገጽ ከላይ የላይኛው ድምፅ፣ ከታች ቴነር፤ በቀኙ ገጽ ከላይ አልቶ፣ ከታች ቤዝ ይጻፋል። ዛሬ እንደምናደርገው ድምፆቹ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው አይታዩም፤ ምትን የሚከፍል ቋሚ መስመርም የለም። እያንዳንዱ መዘምር የሚያየው የራሱን ዜማ ብቻ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር መስማማቱን የሚነግረው ጆሮው ነው። ይህ አጻጻፍ ስለ ሙዚቃው ባሕርይ ብዙ ይናገራል፤ እያንዳንዱ ድምፅ ብቻውን ቢዜም እንኳ የሚያምር፣ ራሱን የቻለ ዜማ መሆን ነበረበት።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የድምፆቹ አሸማመን ነው። ሸማኔ ድርና ማጉን እንዴት እንደሚያገናኝ ካወቅን የጨርቁን ጠባይ እናውቃለን፤ ሙዚቃም እንዲሁ ነው። ሁሉም ድምፆች አንድን ቃል በአንድ ጊዜ ሲያዜሙ ጥብቅና ግልጽ የሆነ ድምፅ ይወጣል። አንዱ ጀምሮ ሌላው ያንኑ ዜማ ዘግየት ብሎ ሲቀበለው፣ ሦስተኛውም አራተኛውም ሲከተሉ ደግሞ የማያቋርጥ ቅብብል ይፈጠራል። ዱ ፋይ በፍሎረንስ ሲያዜም ዋናው ምሰሶ ቴነሩ ነበር። ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ ግን ምሰሶው ለአራቱም ተከፋፈለ፤ አንዲቷ ዜማ ከድምፅ ወደ ድምፅ ትዞራለች፤ ጌታና አሽከር የለም። ይህን ቅብብል ወደ ፍጽምና ያደረሰው በ1521 ያረፈው ጆስካን ደ ፕሬ ነው።

ስለ ጆስካን አንድ ደብዳቤ ደርሶናል። በ1502 የፌራራው መስፍን ኤርኮሌ ዴስቴ ለቤተ መንግሥቱ የመዘምራን አለቃ ሲፈልግ አንድ መልእክተኛው ሁለት ደራሲዎችን አወዳድሮ ጻፈለት። ሃይንሪኽ ኢዛክ ከባልደረቦቹ ጋር የተሻለ ይግባባል፣ ቶሎ ቶሎም ይደርሳል፤ ጆስካን ግን ምንም እንኳ ድርሰቱ ቢበልጥ ሲፈልግ እንጂ ሲፈለግ አይደርስም፤ ደግሞም 200 ዱካት፣ ማለትም የወርቅ ገንዘብ፣ ይጠይቃል፣ ኢዛክ ግን በ120 ይመጣል ሲል መከረው። መስፍኑ ጆስካንን መረጠ። ጆስካንም ለመስፍኑ ክብር በደረሰው ቅዳሴ ውስጥ በጣም ብልህ የሆነ ሥራ ሠራ፦ በላቲን ኤርኩሌስ ዱክስ ፌራሪዬ ከሚለው ማዕረጉ አናባቢዎቹን ብቻ አወጣና ለእያንዳንዱ አናባቢ ተመሳሳይ ድምፅ ያላትን ኖታ ሰጠው፤ ሬ፣ ኡት፣ ሬ፣ ኡት፣ ሬ፣ ፋ፣ ሚ፣ ሬ። ኡት ዛሬ ዶ የምንላት ናት፤ እነዚህን የኖታ ስሞች በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጊዶ ዳሬትሶ የዮሐንስ መጥምቅን መዝሙር ስንኞች መነሻ ወስዶ አወጣቸው። የቅዳሴው ቴነር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እነዚህን ስምንት ድምፆች ደጋግሞ ያዜማል፤ የመስፍኑ ስም ሳይጠራ በቅዳሴው ሁሉ ይሰማል ማለት ነው።

ቅዳሴ ስል የዘመኑን ትልቁን የሙዚቃ ቅርጽ ማለቴ ነው። አምስት ክፍሎች አሉት፤ ኪርያላይሶን፣ ስብሐት ለእግዚአብሔር በሰማያት፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ፣ እና የእግዚአብሔር በግ የሚሉት ናቸው። ቃሎቹ ለእኛ እንግዳ አይደሉም፤ ኪርያላይሶንን በስቅለት ቀን በግሪክኛው ቃል እኛም እንላታለን። እነዚህ አምስት ጸሎቶች በሥርዓቱ ውስጥ ተራርቀው የሚገኙ ሲሆኑ የህዳሴ ደራሲዎች በአንድ የቴነር ዜማ አስተሳሰሯቸው፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ክፍል ላይ ያው ዜማ ሲመለስ ሰሚው አንድ ሥራ እያዳመጠ መሆኑን ያውቃል። ዜማው ሁልጊዜ ከቤተ ክርስቲያን አይመጣም ነበር። ስለታጠቀ ሰው የሚናገር አንድ የፈረንሳይኛ ዘፈን ከ40 ለሚበልጡ ቅዳሴዎች መሠረት ሆኗል፤ ዱ ፋይ፣ ጆስካንና ኋላ የማነሣው ደራሲ ፓለስትሪናም ሠርተውበታል።

የእነዚህ ሥራዎች ዝና ከአንድ ካቴድራል አልፎ በአውሮፓ ሁሉ የተዳረሰው በሕትመት ነው። ኦታቪያኖ ፔትሩቺ በ1501 በቬኒስ 96 ዝማሬዎችን የያዘ መጽሐፍ በብረት ፊደል አሳተመ፤ ባለብዙ ድምፅ ሙዚቃ በዚህ መንገድ ሲታተም የመጀመሪያው ነበር። አንዱ ገጽ ከማተሚያው በታች ከአንድ ጊዜ በላይ ያልፍ ነበር፤ መስመሮቹ ለብቻ፣ ኖታዎቹ ለብቻ ይታተማሉ። አንድ ፀጉር ያህል ከተንሸራተተ ኖታው ከመስመሩ ይወጣና ሌላ ድምፅ ይሆናል። መጽሐፎቹን ዛሬ ያየ ሰው በጥራታቸው ይገረማል። በ1520ዎቹ መጨረሻ በፓሪስ ፒየር አተንያን መስመርና ኖታን አንድ ላይ በአንድ ምት ማተም ሲጀምር መጽሐፎቹ ረከሱ፤ ሙዚቃም ከቤተ መንግሥትና ከካቴድራል ወጥቶ ወደ ነጋዴው ቤት ገባ። በየቤቱ ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠው የሚያዜሙት ማድሪጋል የተባለው የጣሊያንኛ ዝማሬም የዚህ ዘመን ልጅ ነው።

ድምፆቹ ሲበዙ ግን ቃሉ ይጠፋል። አራት መዘምራን አራት የተለያዩ ቃላትን በአንድ ቅጽበት ሲያዜሙ ምእመኑ ምን እየተባለ እንደሆነ አይለይም። ይህ ቅሬታ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በትሬንቶ ባደረገችው ጉባኤ ዘመን፣ ከ1545 እስከ 1563 ባለው ጊዜ፣ ጎልቶ ተሰማ። በ1565 በሮም ካርዲናሎች መዘምራኑን ሰብስበው ቅዳሴዎችን እያስዜሙ ቃሉ ይሰማ እንደሆነ መርምረዋል። ጆቫኒ ፒየርሉዊጂ ዳ ፓለስትሪና ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ማርቼሎ መታሰቢያ ብሎ የሰየመው ባለ ስድስት ድምፅ ቅዳሴ ጉባኤውን አሳምኖ ባለብዙ ድምፅ ዝማሬን ከመታገድ አዳነ የሚል ታሪክ በሰፊው ይነገራል። ይህ ታሪክ በጽሑፍ የተገኘው ግን በ1607፣ ፓለስትሪና ካረፈ ከ13 ዓመት በኋላ ነው፤ እንደ እውነት ልንቀበለው አይገባም። ማርቼሎ በ1555 በመንበሩ የቆዩት 22 ቀን ብቻ ነበር። የማያጠራጥረው ሙዚቃው ራሱ የሚመሰክረው ነው። ረጅም ቃል ባላቸው በስብሐትና በጸሎተ ሃይማኖት ክፍሎች ፓለስትሪና ስድስቱን ድምፆች በየቡድኑ ከፋፍሎ ቃሉን አብረው እንዲጠሩት ያደርጋል፤ አጭር ቃል ባለው በኪርያላይሶን ግን ቅብብሉን በሰፊው ይለቀዋል። አሸማመኑ ለቃሉ ሲገዛ ይታያል።

ፓለስትሪና በ1551 በቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ የመዘምራን አለቃ ሆኖ ሲሾም፣ ከባሲሊካው በስተጀርባ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የኢትዮጵያውያን መነኮሳት ማኅበር ነበረ። አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና 1549 በሮም ያሳተሙት ከዚህ ማኅበር ነው። በአንድ ቅጥር ማዶና ማዶ አንዱ ወገን በስድስት ድምፅ ሲያዜም ሌላው የያሬድን ዜማ በአንድ ድምፅ ያዜም ነበር። በእነዚያው ዓመታት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክቶች እንዳደራጁ የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ይነግረናል። አንደኛው ወገን የድምፆችን ግንኙነት፣ ሌላው የአንዷን ዜማ ረቂቅ መዞሪያዎች በጽሑፍ ለመያዝ ሲደክሙ በአንድ ዘመን መገናኘታቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

የድምፅ ቀለምና ጉልበት የሚባሉትን መሠረታውያን በአጭሩ ላንሣ። የድምፅ ቀለም ማለት አንዲቱን ኖታ ሉት የተባለው ባለ አውታር መሣሪያ ሲመታትና ሰው ሲያዜማት የምንለይበት ጠባይ ነው። የህዳሴ ደራሲዎች ለአብዛኛው ዘመን የትኛው መሣሪያ እንደሚጫወት አይጽፉም ነበር፤ በእጅ ያለው ቪዮል የተባለው በደጋን የሚመታ መሣሪያ፣ ሉት፣ ዋሽንት ወይም ኦርጋን ይበቃ ነበር። ኦርጋን በወቅቱ የመንግሥታት ክብር መግለጫም ስለነበረ በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች የኦርጋን ተጫዋች ይዘው ነበር። በ1597 ግን ደራሲው ጆቫኒ ጋብሪየሊ በቬኒስ ባሳተመው ሥራ ላይ የመሣሪያዎቹን ስም ከመጻፉም በላይ ለስላሳና ጠንካራ የሚሉ ቃላትን በኖታው ላይ አሰፈረ። በቅዱስ ማርቆስ ባሲሊካ ሰገነቶች ትይዩ ለቆሙ ሁለት ጓዶች መደረሱ ይህን አስፈላጊ አድርጎታል።

ከዚህ በኋላ ዘመኑ ወደ ማብቂያው ይደርሳል። ደራሲው ክላውዲዮ ሞንቴቨርዲና ጓደኞቹ ቃሉ የሙዚቃው እመቤት ናት ብለው አንድ ድምፅ ብቻውን ከመሣሪያ ጋር እንዲናገር አደረጉ፤ በ1607 በማንቱዋ የቀረበው ኦርፌዎ የተባለው ኦፔራው ሌላ ዘመን ከፈተ።

ንግግሬን የምጨርሰው በማድመጥ ነው። የመረጥሁት ጆስካን ለእመቤታችን የደረሰው ባለ አራት ድምፅ የሰላምታ ዝማሬ ነው፤ ፔትሩቺ በ1502 ባሳተመው፣ ሞቴት የተባሉ ባለብዙ ድምፅ የላቲን ዝማሬዎችን በያዘ መጽሐፍ ውስጥ በመጀመሪያው ቦታ ላይ ይገኛል። ሲጀምር የላይኛው ድምፅ ብቻውን የሰላምታውን ቃል ያሰማል፤ እርሱ ሳይጨርስ አልቶ ያንኑ ዜማ ይቀበለዋል፤ ከዚያ ቴነር፣ በመጨረሻም ቤዝ። መጀመሪያ አንዱን ድምፅ ብቻ ምረጡና እስከሚያርፍ ተከተሉት፤ ዝማሬው ሲደገም ሌላውን። በመካከሉ ምቱ ከሁለት ወደ ሦስት ይለወጣል፤ አራቱ አብረው የሚጠሩት ቢመስልም ቴነሩ የላይኛውን ድምፅ ዜማ አንዲት ምት ዘግይቶ እየተከተለው ነው። ከዚያ ሁሉም ዝም ይላሉ። ከዝምታው በኋላ አራቱ ድምፆች ቅብብሉን ትተው፣ በረጃጅም ኖታዎች፣ አንድ ላይ ሆነው የአምላክ እናት ሆይ አስቢኝ ይላሉ፤ የብራና ጸሐፊ በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ስለ ራሱ እንደሚማጸነው ያለ ቃል ነው። ያን ሁሉ ሦስተኛ በዝማሬው ሲያጣጥም የቆየው ጆስካን በመጨረሻው አሜን ላይ ያስቀረልን ጥንታዊውን አምስተኛ ብቻ ነው፤ ሦስተኛዋ የለችም። ያች ባዶ ቦታ ትሰማችሁ እንደሆነ ጆሯችሁን ጣሉልኝ።